ሙሉን ይዤ ናይሮቢ

ሚያዝያ 3 ቀን 1978፣ አዋሳ

ታምሩ ዛሬ ከናይሮቢ ደወለ። ቤታችን ስልክ ስለሌለ የደወለው የምሠራበት ስልክ ቤት ነው። የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር «አዋሳ፣ ከናይሮቢ ለወይዘሮ ጽጌሬዳ» ስትለኝ «እኔ ነኝ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው ሳገናኝ እውላለሁ፤ የራሴ ሲመጣ ግን እጄ መስመሩን ሳተው።

«ዓመት ዕረፍትሽን ውሰጂና ሙሉን ይዘሽ ነይ» አለኝ። «ሦስት ሳምንት ብቻ። ትልቅ ከተማ ታያላችሁ። ፎቁን፣ አንበሳውን፣ ሁሉንም አሳያችኋለሁ። ሽርሽር ነው፣ ጽጌ። ሽርሽር።»

ቃሉን ደገመው። መስመር ላይ ከእኛ ሌላ የሚያዳምጥ ሰው ሊኖር እንደሚችል እኔ አጥቼው አይደለም። ጮክ ብዬ «ሽርሽርማ ጥሩ ነው» አልኩ።

መንግሥት ለእንስሳት ሕክምና ኮርስ ከላከው ዓመት ሊሞላ ነው። ሲሄድ ሙሉ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። አሁን ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትሮጣለች፣ ትሳደባለች፣ የአባቷን ፎቶ «ሰውዬው» ትለዋለች።

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የምትሠራው ሸዋዬ ዞር አለች።

«ልጅቷንም ነው የምትወስጃት?»

«ለሦስት ሳምንት ነው።»

«እህ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ይህ «እህ» እስከ ቤቴ ተከተለኝ።


ሚያዝያ 7

ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ በኃይሉ፣ ሊቀመንበሩ፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይጮሃል፣ እሱ ግን ፈገግ እያለ ይጠይቃል።

«ባልሽ ሲሄድ ዋስ አልጠየቅነውም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዋሶቹ እናንተ ነበራችኋ። አንቺና ልጅቷ። አሁን ዋሱ ራሱ ተነሥቶ ልሂድ ይለኛል!»

አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ።

«ሽርሽር ከሆነ ሕፃኗን ለእናትሽ ተዪያት። እናትሽ ቱላ አይደሉም የሚኖሩት?»

«ጡት አልጣለችም» አልኩት።

ውሸት ነው። ባለፈው ሳምንት እሬት ቀብቼ አስጥያታለሁ። ውሸቱ እንዴት እንደዚያ ቀሎ ከአፌ እንደወጣ ገረመኝ።

«ሁለት ዓመቷ አይደል እንዴ?»

«ሆዷን ስለሚያማት ነው።»

«እንግዲህ እናያለን» አለ።


ሚያዝያ 9

ያሉት አልቀረም፤ ከሴቶች ማኅበር ሴትዮ ልከው አዩ። ሻይ ልትጠጣ የመጣች መሰለች፤ ዓይኗ ግን ከደረቴ አልተነሣም። ሙሉ ጭኔ ላይ ወጣች፣ ጡቴን አየች፣ ምላሷን አወጣችና «መራራ!» ብላ ጮኸች።

ሞቼ ነበር። ጣቴን ስኳር ውስጥ ነክሬ ቀባሁላት። ጠርጠር እያደረገች ቀመሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ያዘችው። ሴትዮዋ ሻይዋን ጨርሳ ሄደች።

ልጄን በእሬት አስለቅሼ ነጠቅኳት፣ በስኳር አባብዬ መለስኩላት። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ደግሞ ሲያስጥሏት ምን ይውጣታል?


ሚያዝያ 12

ተፈቅዷል ማለት ይቻላል። ግን ዋስ አምጪ አሉ። የንግድ ፈቃድ ያለው ወይም ቤት ንብረት ያለው። ካልተመለስኩ እሱ ይያዛል፣ ንብረቱም ይወረሳል።

ማንን ልጠይቅ? አብረውን የሚጸልዩት ሁሉ ለምርመራ የሚጠሩበትን ቀን የሚጠብቁ ናቸው። ጸሎት ቤታችንን ዘግተው የእህል መጋዘን ካደረጉት ወዲህ ቤት ለቤት መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፃችንን ውጠን ነው የምንዘምረው። እነሱን ዋስ ሁኑኝ ማለት ኃጢአት ነው።

ማንንም ሳልጠይቅ ውዬ መጣሁ።


ሚያዝያ 17

ጠሀ ፈረመልኝ።

ጠሀ እዚሁ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። ባለቤቱ ራህመትና እኔ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ክፍል ነው የወለድነው። እሷ ከወሊድ በኋላ በጠና ታማ ጡቷ ደርቆ ስለነበር ልጇን ሙኒርን ከሙሉ ጋር አንድ ላይ ያጠባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጠሀ ሙሉን «የልጄ እህት» እያለ ነው የሚጠራት። በእነሱ ሃይማኖት የጡት እኅት እንደ ሥጋ እኅት ናት አሉ።

ልጠይቀው ብዬ አልነበረም የሄድኩት። ለሙሉ ሹራብ የሚሆን ነገር ልፈልግ ብዬ ነው። ፊቴን አይቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት።

«ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ?»

«ሦስት ሳምንት።»

ወደ ውጭ አየ።

«እፈርማለሁ።»

«ከራህመት ጋር ተማከር እንጂ።»

«እሷን ብነግራት ከእኔ ቀድማ ነው የምትፈርመው።»

እጁን ይዤ «በጌታ ስም እምልልሃለሁ፣ እመለ...» ስል እጁን አነሣብኝ።

«አትማይ» አለኝ። «መሐላ ከባድ ነው። ዝም ብለሽ ሂጂ።»

እንዳልምል ለምን እንደከለከለኝ አልገባኝም። የሃይማኖታችን ልዩነት ይሆናል።


ሚያዝያ 23

የላብ አደሮች ቀን። ጧት በሌሊት ተሰለፍን። ፀሐይ። መፈክር። ሙሉ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ላቧ በላቤ።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«ያቺ ናት?»

«አዎ። ዕቃዋን ሸጣ ጨርሳለች አሉ።»

አንድም ነገር አልሸጥኩም። ዶሮዎቹን ለእናቴ ሰጠኋቸው፤ ሦስት ሳምንት ማን ይቀልባቸዋል? የልብስ ስፌት መኪናውንም ለአደራ ነው ያስቀመጥኩት። ቤት ባዶ ሲሆን ሌባ ይገባል። አልጋውማ እንዳለ ነው።


ሚያዝያ 28

ታምሩ ድጋሚ ደወለ። የሠርጋችንን ፎቶ አምጪ አለኝ። የሙሉን የክትባት ካርድ። ዲግሪውንም።

«ለሽርሽር?» አልኩት፣ እየሳቅኩ።

«ናፍቆኝ ነው።»

ፎቶው ናፍቆት ይሁን። ዲግሪው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሸዋዬ አጠገቤ ነበረች።

ሙሉ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟታል። አውሮፕላን ላይ ጆሮዋን ቢያማትስ?


ግንቦት 5

ፈቃዱ ወጣ! 

ከሰዓት ሙሉን አዝዬ ቱላ ወረድኩ። እናቴ አማርኛ ብዙ አትችልም፤ እኔና እሷ በሲዳምኛ ነው የምንነጋገረው። ሙሉን ከጀርባዬ አውርዳ አቀፈቻት፤ እስክንነሣ ድረስ ከጭኗ አላወረደቻትም። ልጅቷ ልውረድ ብላ ስትንፈራገጥ እንኳ አለቀቀቻትም።

«ለፊቼ፣ ለዘመን መለወጫችን እንደርሳለን፣ እማዬ» አልኳት።

«ሴት ልጅ ቤቷ ባሏ ያለበት ነው» አለችኝ።

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው።»

«እሺ። የልጅቷን እግር አሞቂላት፣ እዚያ ብርድ ነው ይላሉ።»

እኔ የማወራት ስለ ሦስት ሳምንት ነው። እሷ ስለ ምን እንደምታወራ አላውቅም። ስንወጣ ደጅ ድረስ ሸኘችን፤ ከዚያ ሌላ ጊዜ እንደምታደርገው እጇን አላውለበለበችም፤ ፊቷን አዙራ ገባች። ጠርቼ ልመልሳት ፈለግሁና ተውኩት። ምን ልላት?


ግንቦት 9

አውቶቡስ። ዝዋይ። ሙሉ ሁለቴ አስታወከች፣ አንዴ በእኔ፣ አንዴ አጠገባችን በተቀመጠ ወታደር ላይ። ወታደሩ «ምንም አይደል እናቴ» አለኝ። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፎቶውን ገልብጠው አዩት።

ጠሀ ጧት መናኸሪያ መጥቶ ሻንጣውን ተሸከመልን። የእነሱ ጾም ገብቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ለሙሉ ብስኩት ሰጣት። ሰው ሁሉ «በሰላም ተመለሱ» ሲል እሱ ብቻ «በሰላም ግቡ» አለን። እስከ ሞጆ ድረስ አሰብኩት።


ግንቦት 11፣ ናይሮቢ

ደረስን። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሙሉ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፤ ጡት ሰጠኋት፣ ዝም አለች። ያ ውሸት ጠቀመን ማለት ነው።

ታምሩ ከስቷል። ኮት ለብሷል። ሲያየን ሮጠ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሙሉን ማስደንገጥ ፈርቶ። እሷ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። «ሙሉዬ፣ እኔ ማነኝ?» ሲላት ፊቷን ሳታወጣ «ሰውዬው» አለችው። ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

የሚኖረው ተማሪዎቹ ጋ አይደለም። ኢስሊ በሚባል ሰፈር፣ ሶማሌዎችና የእኛ ሰዎች በሚበዙበት፣ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቷል። ለምን ከተማሪዎቹ ወጣህ ብለው «ለእናንተ ነዋ» አለኝ። ክፍሏ ንጹሕ ናት። ሦስት ሳሕን፣ ሦስት ኩባያ። ጥግ ላይ አዲስ የሕፃን አልጋ አለ፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ጎንና ጎኑ የተከለለ። ሽታው ገና የአናጢ ቤት ነው።

ሙሉ ስታድግ ልትተኛበት የምትችል ትልቅ አልጋ ነው። ለሦስት ሳምንት እንዲህ ያለ ወጪ! ልቆጣው ብዬ ተውኩት። ናፍቆት ነው።


ግንቦት 14

ከልጅ ጋር ትልቅ ከተማ ማየት ማለት ከተማውን አለማየት ነው። እኔ ያየሁት የሙሉን ጫማ ነው፣ የሙሉን አፍንጫ ነው፣ ሙሉ ከመሬት አንሥታ አፏ ውስጥ የከተተችውን ነው። ታምሩ የሕፃን ጋሪ ተውሶ አመጣ፤ ሙሉ ጋሪውን መግፋት እንጂ መቀመጥ አልፈለገችም። ሰፊው መንገድ መካከል አስፋልት ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች፣ መኪናው ሁሉ ጡሩንባ።

ሊፍት ውስጥ ስንገባ በሩ ሲዘጋ እንደ ጉድ ጮኸች። ሲከፈት ሌላ ቦታ ሆነ! ዝም ብላ አየችና «ድገሙ» አለች። ስንወጣና ስንወርድ ዋልን። ዘበኛው ምንም አላለንም። እዚህ አገር ዘበኛ «የት ናችሁ?» አይልም። ሰኞ የውይይት ክበብ የለም፤ «ለምን ቀረሽ?» የሚል የለም። ትከሻዬ ግን አሁንም ሰው የሚጠራኝ እየመሰለው ይጠብቃል።


ግንቦት 17፣ እሑድ

ጸሎት ቤት ሄድን። መስኮቱ ተከፍቷል። መንገድ ላይ ሰው ያልፋል፣ ሕዝቡ በሙሉ ድምፁ ይዘምራል፣ ማንም መስኮቱን አልዘጋም። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ዜማው የኛው ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ አልወጣ አለኝ። አፍኖ መዘመር ለምዶብኛል። ታምሩ እጄን ያዘኝ። አለቀስኩ። ሙሉ ወንበር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች።

ስንወጣ ታምሩ «ሙሉ እንዲህ ብታድግ አትወጂም?» አለኝ።

«ሻርፓዋን ረስተናል» ብዬ ተመለስኩ።


ግንቦት 20

አንበሳ አየን። ማለት እኔና ታምሩ አየን፤ ሙሉ ገና ከበሩ ሳንገባ እንቅልፍ ወሰዳት። ታምሩ «አንበሳ! ሙሉ፣ አንበሳ!» እያለ ቢነቀንቃት ወይ ፍንክች። ስንመለስ መንገድ ላይ ፍየል አየችና ነቅታ «አንበሳ!» አለች። ታምሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ደስ ብሎኛል። ይህን መጻፍ ለምን ፈራሁ?

ማታ ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ካሳሁን እራት አብሮን በላ። የጎጃም ልጅ ነው፣ ወሬ ይወዳል። «ማክሰኞ ማክሰኞ ወረፋው አጭር ነው፤ ደግሞ ሕፃን የያዘች ሴት ቶሎ ነው የሚያስገቧት» አለ። ታምሩ ውኃ ቀዳለት፣ ኩባያው ሞልቶ እየፈሰሰ ቀዳለት። ካሳሁን ወደ ሳሕኑ ተመለሰ።

የምን ወረፋ እንደሆነ አልጠየቅኩም።


ግንቦት 23



ገበያ ሄደን ነበር። ሰው በሰው ላይ፣ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ የልብስ ክምር። ሙሉን በግራ እጄ ይዣታለሁ። ታምሩ ለዚያ ነገር ያንን ቦታ ለምን እንደመረጠ አላውቅም። ምናልባት ጫጫታ ስለሆነ፣ እንዳልጮህበት።

«ጽጌ፣ አንመለስም» አለኝ።

«ወደ ቤት?»

«ወደ አዋሳ።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የማስታውሰው እጄን አፌ ላይ መጫኔን ነው። ግራ እጄን። ዝቅ ብዬ ሳይ ሙሉ የለችም።

«ሙሉ!» አልኩ። እዚያ ገበያ ውስጥ ስሟ ማንንም ዞር አላደረገም። በሰው እግር መካከል አጎንብሼ ሮጥኩ፤ በምን ቋንቋ ልጠይቅ? በአማርኛ ጮህኩ፣ በሲዳምኛ ጮህኩ፣ እጄን ወደ ጉልበቴ ዝቅ አድርጌ ቁመቷን አሳየሁ። አንዱ ቲማቲም የምፈልግ መስሎት ከረጢት ዘረጋልኝ። ታምሩ በሌላ በኩል ስሟን እየጠራ ይሮጣል፤ ድምፁ ሲርቅ እሱንም ያጣሁት መሰለኝ። ጌታ ሆይ አልኩ፣ እሷን ስጠኝ እንጂ ሌላውን ሁሉ እንዳልክ። ሌላውን ሁሉ ስል ምን ማለቴ እንደነበር አሁን ሳስበው ያስፈራኛል።

አንዲት ሙዝ ሻጭ ጋ አገኘናት። ሴትዮዋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሙዝ እየላጠችላት ነው። ሙሉ አፏ ሞልቶ በመጀመሪያ ያየችው እኔን አልነበረም። እጇን ዘረጋችና «አባ!» አለች።

አባ። አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ታምሩ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አቀፋት። እኔ ቆሜ አየኋቸው።


ግንቦት 25

አውቄ ነበር። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ስከት አውቄ ነበር። አልጋውን ሳይ አውቄ ነበር። ዶሮዎቹን ስሰጥ። ማወቅና ማወቄን ማወቅ ሁለት ነገር ነው።

ምክንያቱን ነገረኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ይርጋዓለም የታሰሩት የጸሎት ወንድሞች ሲመረመሩ ስሙ ተነሥቷል። ማን እንደሚሰበስባቸው፣ መዝሙሩን ማን እንደሚያባዛ። እዚህ ያገኘው የሚያምነው ሰው «አገርህ አትግባ» ብሎታል። እውነቱን ነው፤ ፊቱን አውቀዋለሁ።

«ጠሀስ?» አልኩት።

«ጠሀ ነጋዴ ነው። ነጋዴ መላ አያጣም።»

«ልጆች አሉት።»

«እኔም ልጅ አለችኝ፣ ጽጌ።»

ትክክል ነው። እኔም ትክክል ነኝ። ሙሉ አልጋዋ ውስጥ ቆማ የአልጋውን እንጨት እየነከሰች ታየናለች።


ግንቦት 29

ዝናብ። ሙሉን ተቅማጥ ይዟታል። ምንም አላሰብኩም።

ማክሰኞ ወደ ስደተኞች መመዝገቢያው ወረፋ እንሂድ ይላል። እሺም እንቢም አላልኩም። እንዲህ ዝም ብዬ ዝም ብዬ አንድ ቀን ራሴን ወረፋው ላይ ላገኘው ነው። እስከዛሬ የመጣሁት እንዲህ ነውና።


ሰኔ 2

የሙስሊሞች ዒድ ነው። ሰፈሩ በሙሉ አዲስ ልብስ። ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ጣፋጭ በሳሕን አመጡልን። የሙኒር እኩያ የሚሆን ልጅ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ደረጃው ላይ ከአባቱ ጋር ይወርዳል። አባቱ በየደረጃው እየቆመ ይጠብቀዋል፣ ልጁ «ራሴ! ራሴ!» ሳይል አይቀርም በቋንቋቸው፣ እጁን ይነጥቃል።

በሩን ዘግቼ ታምሩን «ልመለስ ነው» አልኩት።

 ሊቆጣኝ ይችል ነበር፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«ሙሉን ይዘሽ?»

«ሙሉን ይዤ።»

«ተመልሰሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ኮርሱ ሐምሌ ያልቃል እላቸዋለሁ። እስከ ሐምሌ እውነት ነው።»

«ከዚያስ?»

 ተቀምጦ የሙሉን ጫማ አነሣ፣ ጭቃውን በጥፍሩ እየፋቀ አጸዳው። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ያዘ። «እኔ ብመጣ ይዘውኝ ይሄዳሉ» አለ፣ ጫማውን እያየ። «አውቃለሁ» አልኩት። «አትምጣ።»

በዕድሜዬ ለባሌ ካልኩት ሁሉ ከባዱ ቃል ይህ ነው።


ሰኔ 4

አውሮፕላን ማረፊያ። ሙሉ አንገቱን አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።


ሰኔ 6፣ አዋሳ

ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ቤት አልገባሁም፤ ሻንጣዬን ጎትቼ፣ ሙሉን አዝዬ በቀጥታ አዲስ ከተማ።

የጠሀ ሱቅ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ባዶ ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል ጨርቅ የነበረበት መደርደሪያ ላይ ሁለት ጥቅል ብቻ ቀርቷል። ጠሀ ብቻውን ተቀምጧል። ቀና ብሎ ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው?» አለ። «ምን ሆናችሁ? ታምሩ ሞተ?»

«ኧረ ደህና ነው። እዚያው ቀረ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ምን ልታደርጊ! ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ እንዴት ደስ እንደሚለው፣ እንዴት እንደሚያመሰግነኝ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ጮህኩበት። «ለአንተ ነዋ! ፈርመህልኝ የለም እንዴ! አንተ ልትታሰር እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ...»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጽጌ፣ እኔ እኮ የፈረምኩት እንደማትመለሺ አውቄ ነው።»

«ምን?»

«ልጅ ይዛ፣ ባሏ ወዳለበት የሄደች ሴት ትመለሳለች? ሞኝ ነኝ? ራህመትንና ልጆቹን ዳሎቻ አባቷ ዘንድ ሰደድኳቸው። ጨርቁን ለወንድሜ አስተላለፍኩ። እኔን ቢይዙኝ ይይዙኛል፤ ቢበዛ ዓመት ነው። ራህመት ናት የወሰነችው፤ ልጃችን በሰው ጡት ነው የዳነው፣ የዚያ ጡት ልጅ አባቷን ታግኝ አለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?»

 ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ሊሰጠኝ ቆርጦ የነበረውን እኔ ልመልስለት ስል ታምሩን ትቼ መጣሁ። እሱም የከፈለውን አልተቀበልኩለትም። ማን ማንን በደለ? ሁለታችንም ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አቀረቀርን። ሙሉ ባዶ መደርደሪያው ላይ ወጥታ «ሙኒርስ?» አለች።

ጠሀ እጁን ፊቱ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ሲያነሣው ዓይኑ ቀልቷል።

«አስመጣዋለሁ» አላት።


ሰኔ 15

እነራህመት ዛሬ በጭነት መኪና ገቡ፤ ጨርቁም አብሮ። ራህመት ስታየኝ አልተናገረችም፤ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ፣ መታችኝ ማለት ይቀላል፣ ከዚያ አቀፈችኝ። ቀኑን ሙሉ ጥቅሉን ስንደረድር ዋልን። ሙሉና ሙኒር ከካርቶን ሥር።

ወደ ማታ ጓድ በኃይሉ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሁላችንም እጃችን ላይ ጨርቅ እንደያዝን ቀረን።

«ተመለስሽ» አለኝ። ጥያቄም አይደለም።

«ተመለስኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ባልሽስ?»

«ኮርሱ ሐምሌ ያልቃል።»

እኔን አየኝ፣ ሙሉን አያት፣ ጠሀን አየው። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ሊናገር አፉን የከፈተ መሰለኝ። «ጥሩ» አለና ሄደ። ጠሀ የያዘው ጥቅል ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ እስከ በር ድረስ ተተረተረ።

ራህመት ጎንበስ ብላ መጠቅለል ጀመረች። ቀና ሳትል፣ በዝግታ «ሐምሌስ ሲደርስ?» አለችኝ።

«ሐምሌ ሲደርስ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እናንተ ዋስ የሆናችሁት ለእኔ ነው፤ እኔ ይኸው መጥቻለሁ። አሁን ልጆችሽን አብዪ፣ ርቧቸዋል።»

የተናገርኩት እኔ መሆኔን ድምፄ ሲያልቅ ነው ያመንኩት። አልተንቀጠቀጠም።

ቆጮና ጎመን ነበር። ሥጋ ስላልነበረበት የእኛ የእናንተ ሳንል ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ሙሉ በሙኒር እጅ፣ ሙኒር በሙሉ እጅ ካልጎረስን አሉ።